የማረሚያ ቤት ጥበቃ ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማረሚያ ቤት ጠባቂ ሥራው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «ዋርድያ» ሲባል የሚታየው ቁልፍ ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ነው። በር መክፈትና መዝጋት ግን ከሥራው ትንሹ ነው። የጠባቂ ውሎ ማየት፣ መስማት፣ መቁጠር፣ መመዝገብና ማነጋገር ነው። በእሱ እጅ ያሉት ሰዎች እንዳያመልጡ፣ እርስ በርስ እንዳይጎዳዱ፣ ራሳቸውንም እንዳይጎዱ ይጠብቃል። ምግቡ፣ ሕክምናው፣ የጠያቂው ሰዓት፣ ትምህርቱና ሥራው በጊዜው እንዲሄድም ያደርጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መጥራት ያለበት ነገር አለ። ቅጣት የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ ቅጣቱም ነጻነትን ማጣት ራሱ ነው። ጠባቂ ከራሱ የሚጨምረው የለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የታራሚዎች አያያዝ ዝቅተኛ ደንቦች ይህንኑ በ3ኛው ደንብ አስቀምጠዋል። ደንቦቹ መጀመሪያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን በ2015 ተሻሽለው፣ 27 ዓመት ታስረው በቆዩት ሰው ስም «የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች» ተባሉ። ቁጥራቸው 122 ነው። ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሁሉ ቢያነባቸው እንመክራለን፤ በአንድ ቀን ተነብበው ያልቃሉ።

ከፖሊስ ሥራ በምን ይለያል?

ፖሊስ አንድን ሰው የሚያገኘው ለደቂቃዎች ወይም ለቀናት ነው፤ ጠባቂ ግን ከዚያው ሰው ጋር ለወራትና ለዓመታት ይውላል። የታራሚውን ጉዳይ መመርመር፣ ስለ ወንጀሉ መጠየቅ፣ ፍርዱ ልክ ነው አይደለም ማለት የጠባቂ ድርሻ አይደለም። ገና ፍርድ ያላገኘ ሰው ደግሞ በሕግ ፊት ንጹሕ ስለሆነ፣ ከተፈረደባቸው ተለይቶ ይያዛል።

ፈረቃ ሲረከቡ ምን ምን ይደረጋል?

ርክክብ ፊት ለፊት ነው መሆን ያለበት፤ በስልክ ወይም መተላለፊያ ላይ ሲተላለፉ በሚባባሉት ቃል ብቻ አይሆንም። ገቢው ጠባቂ የዕለት መዝገቡን ቢያንስ እሱ ሳይኖር እስካለፈው የመጨረሻ ፈረቃ ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ያነባል። ቀጥሎ ወጪውን ይጠይቃል፦ ማን ታመመ? ማን ከማን ጋር ተጣላ? ማን መጥፎ ዜና ሰማ? ማን ምግብ አልበላም አለ? በልዩ ክትትል ላይ ያለው ማነው? ከዚያ ቁልፎቹን ይቆጥራል፣ ሬዲዮውን ይሞክራል፣ ካቴናውን፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑንና ገመድ መቁረጫውን በዓይኑ አይቶ ይፈርማል። ሳያዩ መፈረም ትልቅ ጥፋት ነው፤ የጎደለው ነገር ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የፈራሚው ዕዳ ይሆናልና።

ወዲያው ከርክክቡ በኋላ ክፍሎቹን መዞር ነው። በሮችን ገፋ፣ መቀርቀሪያዎችን ነቅነቅ ማድረግ፣ የመስኮት ብረቶችን በእንጨት መዶሻ መታ መታ ማድረግ። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ በመጋዝ የተነካ ብረት ግን ድምፁ የታፈነ ነው። የተቆረጠው ቦታ በሳሙና ወይም በጥርስ ሳሙና ተሞልቶ ቀለም ሊቀባ ስለሚችል ዓይንን ብቻ አትመኑ።

ቆጠራ ለምን ያን ያህል ይደጋገማል?

ሰው እንደጎደለ በእርግጠኝነት የሚያሳውቀው ቆጠራ ነው። በሁለት ቆጠራዎች መካከል ያለው ጊዜ ለሚያመልጥ ሰው የተሰጠ ጊዜ ነው። ደግሞም ቆጠራ ማምለጥን ብቻ አይደለም የሚያሳየው፤ የታመመ፣ የተደበደበ፣ ከአልጋው መነሣት ያቃተው ሰውም የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ እንቅስቃሴ ሁሉ ይቆማል። ሁለት ጠባቂዎች ይገባሉ፤ አንዱ ሲቆጥር ሌላው ከተቆጠረ ቦታ ወዳልተቆጠረ የሚሸሽ እንዳይኖር ያያል። ቆጣሪው የሚጠበቀውን ቁጥር አስቀድሞ ባያይ ይሻላል፤ ያየ ሰው ሳይታወቀው ወደዚያ ቁጥር ይጎትተዋል። ያገኘውን በወረቀት ጽፎ ያስረክባል፣ ከመዝገቡ ጋር የሚያስተያየው ሌላ ሰው ነው። በክሊኒክ፣ በኩሽና፣ በፍርድ ቤት ያሉት በቁጥር ሳይሆን በስም ይያዛሉ። ቁጥሩ ካልገጠመ ቆጣሪዎቹ ቦታ ተለዋውጠው ይደገማል፤ አሁንም ካልገጠመ በስምና በፎቶ አንድ በአንድ ይጠራል። እስኪገጥም ድረስ የውጭው በር አይከፈትም።

የሌሊት ቆጠራ የራሱ አደጋ አለው። ጠባቂው የሚያየው ብርድ ልብስ እንጂ ሰው ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁን 1962 ከአሜሪካው የአልካትራዝ ደሴት እስር ቤት ሦስት ታራሚዎች ሲጠፉ አልጋቸው ላይ ከሳሙናና ከሽንት ቤት ወረቀት የተሠራ፣ እውነተኛ ፀጉር የተለጠፈበት የሰው ራስ ትተው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቆጠራው «ልክ» ሆኖ አደረ፤ ነገሩ የታወቀው ጠዋት ነው። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ቆዳ ሳይታይና ትንፋሽ ወይም እንቅስቃሴ ሳይለይ አንድም ሰው አይቆጠርም። ለዚህ ሲባል የተኛን ሰው መቀስቀስ ግድ ከሆነ በዝግታ ተጠርቶ ይቀሰቀሳል፤ ፊት ላይ ባትሪ ማብራት ግን ያለ ምክንያት ጠብ ያመጣል፣ ብርሃኑን ወደ ጣሪያው ማድረግ ይበቃል።

በቆጠራ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ያለፈውን ፈረቃ ቁጥር መገልበጥ ነው። ይህ ስህተት ሳይሆን ሐሰተኛ ሰነድ ነው።

አዲስ ታራሚ ሲገባ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?

ከሁሉ በፊት ወረቀት። ሕጋዊ የእስር ትእዛዝ ሳይኖር ማንም ሰው አይቀበሉም፤ ያመጣው ማንም ይሁን ማን። በመዝገቡ ላይ ማንነቱ፣ የታሰረበት ምክንያትና ያዘዘው አካል፣ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ ይዞት የመጣው ንብረት፣ በአካሉ ላይ የሚታይ ጉዳት ይጻፋል። ጉዳቱን በገባበት ሰዓት መመዝገብ ታራሚውንም ጠባቂውንም ይጠብቃል፤ ነገ «እዚህ ነው የተደበደብኩት» ወይም «ሲመጣ ጀምሮ ነው» የሚለው ክርክር የሚዘጋው በዚህ ነው። ገንዘብና ንብረት በፊቱ ተቆጥሮ ይፈርምበታል።

ቶሎ የጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የሚወስደው መድኃኒት አለ? የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ አስም? ከአልኮል ወይም ከአደንዛዥ ዕፅ የሚላቀቅ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም ይችላል፤ «እያስመሰለ ነው» ተብሎ የሚታለፈው አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው። ቤተሰቡ የት እንዳለ እንዲያውቅ ወዲያው ማሳወቅ መብቱ ነው። የቤቱ ደንብ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ማንበብ ለማይችል በቃል።

ፍተሻ እንዴት ይደረጋል?

ሰውን ሲፈትሹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መያዝ ነው፦ ከራስ ጀምሮ ወደ ታች፣ ከዚያ ከኋላ። ኮሌታ፣ የክንድ ሥር፣ የእጅጌ ጫፍ፣ ወገብ፣ የሱሪ ስፌት፣ ካልሲ፣ ጫማው ወልቆ ሶሉ ጭምር። ቅደም ተከተል የሌለው ፈታሽ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ሲፈትሽ ሌላውን ይዘላል። እጅን ወደ ኪስ ከመክተት በፊት «የሚወጋ ወይም የሚቆርጥ ነገር ይዘሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ ጓንት ማድረግ፣ ኪሱን ራሱ እንዲገለብጥ ማድረግ። እጅ ይጫናል እንጂ አይሳብም፤ የተደበቀ ምላጭ ወይም መርፌ የሚወጋው እጁን በልብስ ላይ የሚጎትተውን ነው።

በክፍል ፍተሻ ላይ ዓይን ወደማይደርስበት እጅ አይሰድዱም፤ መስታወትና ባትሪ ለዚህ ነው የተሠሩት። ከበሩ ጀምሮ በአንድ አቅጣጫ ግድግዳውን ተከትሎ መዞር፣ መሃሉን በመጨረሻ። ፍራሽ፣ የአልጋ እግር ውስጥ፣ የመጽሐፍ ጀርባ፣ የሳሙና ሆድ፣ የውሃ መውረጃ። ሰዓቱ ይለዋወጥ፤ ሁልጊዜ ማክሰኞ ጠዋት የሚደረግ ፍተሻ ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ክፍሉን ንጹሕ ያደርጋል። ሲጨርሱ ዕቃውን እንደነበረ መመለስ። የልጁን ፎቶ የረገጡበት ሰው ያንን አይረሳም፣ በቀጣዩም ቀን ከእናንተ ጋር ነው የሚውለው።

ልብስ የሚያስወልቅ ፍተሻ የሚደረገው የግድ ሲሆን ብቻ፣ ከሌሎች ዓይን ውጭ፣ በሠለጠነና በጾታ ተመሳሳይ በሆነ ባልደረባ ነው። የሰውነት ውስጣዊ ክፍልን መፈተሽ ደግሞ በመርህ ደረጃ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው፤ ያም ታራሚውን ዘወትር የሚያክመው ባለሙያ መሆን የለበትም። በሽተኛና ሐኪም መተማመናቸው እንዳይፈርስ ነው።

ቁልፍን በተመለከተ ምን ጥንቃቄ አለ?

እያንዳንዱ ማንጠልጠያ ላይ ስንት ቁልፍ እንዳለ የተቀረጸበት ሰሌዳ አለ፤ ሲረከቡም ሲያስረክቡም ይቆጠራል። ቁልፍ ከሰውነት አይለይም፣ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ አይወረወርም፣ ታራሚ «ልያዝልህ» ቢል አይሰጥም። የቁልፉ ጥርስ በግልጽ መታየትም የለበትም፤ በደንብ ያየ ሰው ከሐሳቡ ቀርጾ ሊሠራው፣ ለሰከንዶች ያገኘው ደግሞ ሳሙና ላይ ሊያትመው ይችላል። ቁልፍ ከተሰበረ ስባሪው ሁሉ ይፈለጋል። ከጠፋ ወዲያው ማሳወቅ ነው፤ «ምናልባት አገኘዋለሁ» ብሎ አንድ ሰዓት መደበቅ ጥፋቱን ያገዝፈዋል፣ በዚያ ቁልፍ የሚከፈቱት ሁሉ መቀየር ሊኖርባቸው ይችላልና።

በወርክሾፕና በኩሽና ያሉ መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። የሚሠራው ዘዴ ቅርጻቸው በቀለም በተሣለበት ሰሌዳ ላይ መስቀል ነው፤ ባዶው ቅርጽ ከሩቅ ይጮኻል። ቢላዋ አንድ ቢጎድል ማንም ከክፍሉ አይወጣም።

ከታራሚ ጋር ማውራት ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል ብቻ ሳይሆን ያስፈልጋል። ካሜራ፣ አጥርና ማማ የሚያሳዩት የሆነውን ነው፤ ሊሆን ያለውን የሚናገረው ሰው ነው። በየቀኑ «እንዴት አደራችሁ» የሚል፣ ስማቸውን የሚያውቅ፣ ቃል የገባውን የሚያደርስ ጠባቂ ረብሻ ከመነሣቱ በፊት ወሬው ይደርሰዋል። ፊት ለፊት ላይነግሩት ይችላሉ፤ ነገር ግን ክፍሉ በድንገት ዝም ሲል፣ በቡድን የማይቀመጡት አንድ ላይ ሲቀመጡ፣ ሰዎች የደረቀ ምግብ ማከማቸት ሲጀምሩ፣ ቤተሰቡን «በዚህ ሳምንት አትምጡ» የሚል ሲበዛ፣ ተራውን ቀን የሚያውቅ ሰው ነው የሚነቃው።

ቅሬታን መስማትም የጥበቃ ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1971 በኒው ዮርክ ግዛት በአቲካ እስር ቤት አመፅ ሲነሣ፣ ታራሚዎቹ ገላቸውን የሚታጠቡት በሳምንት አንድ ቀን፣ የሚሰጣቸው የሽንት ቤት ወረቀትም በወር አንድ ጥቅል ነበር። በጊዜው ሰሚ ያላገኘ ጥያቄ ነበር። በመጨረሻ 43 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ የሞቱት መንግሥት ቦታውን በኃይል ሲያስመልስ በተተኮሰ ጥይት ነው፣ ከነዚያም ውስጥ ታግተው የነበሩ ሠራተኞች አሉ። ለአመፁ መስፋፋት አንዱ ምክንያት ደግሞ የመገናኛው በር ብየዳ ጉድለት ስለነበረበት ተገፍቶ መላቀቁ ነው። ያልተሰማ ቅሬታና ያልተፈተሸ በር አንድ ቀን ላይ ተገናኙ።

ለቅሬታ «እሺ እናያለን» ማለት አይበቃም። መልሱ እንቢ ቢሆን እንኳ በተባለው ቀን መነገር አለበት። ታራሚ እንቢታን ይችላል፤ የሚያቃጥለው መረሳቱ ነው።

ኃይል መጠቀም የሚፈቀደው መቼ ነው?

በማንዴላ ደንቦች 82ኛ ደንብ መሠረት በሦስት ሁኔታ ብቻ፦ ራስን ለመከላከል፣ ለማምለጥ የሚደረግ ሙከራን ለማስቆም፣ እንዲሁም በሕግ ላይ የተመሠረተ ትእዛዝን በአካል መቃወምን ለመግታት። ያም ከሚያስፈልገው በላይ አንዳች ሳይጨመር። ስድብ፣ ንቀት፣ ምራቅ መትፋት እንኳ ለመምታት ምክንያት አይሆኑም። የተያዘና መቃወም ያቆመ ሰው ላይ የሚያርፍ እጅ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ወንጀል ነው።

አብዛኛው ግጭት በንግግር ይበርዳል። ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ አንድ ሰው ብቻ መናገር፣ ከክንድ ርዝመት በላይ መራቅ፣ እጅን ማሳየት፣ በሰውየው መውጫ መንገድ ላይ አለመቆም፣ ተመልካቾችን ማራቅ። ሰዎች ፊት የተያዘ ሰው ክብሩን ለማዳን ሲል ይዋጋል፤ ተመልካቹ ሲበተን ብዙ ጊዜ ድምፁም ይቀንሳል። ብቻውን የሚገባ ጠባቂ ስህተት ይሠራል፤ መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ከዚያ ሰው እስኪመጣ ማውራት።

ከሁሉ የሚያሳስበው በሆዱ አስተኝቶ መያዝ ነው። ጀርባ ላይ ጉልበት ሲጫን ደረት አይነሣም፣ ሳንባ አይሞላም፤ ሰውየው ለመተንፈስ ሲንፈራገጥ «እየታገለ ነው» ተብሎ ይበልጥ ይጫኑታል። በዚህ መንገድ የሞቱ ሰዎች በየአገሩ አሉ። «መናገር ከቻለ መተንፈስ ይችላል» የሚባለው ውሸት ነው። ስለዚህ አንገትና ጀርባ አይጫንም፣ ካቴናው እንደገባ ወዲያው በጎኑ ይዞራል ወይም ይቀመጣል፤ አንድ ባልደረባ ሥራው ፊቱንና ትንፋሹን ማየት ብቻ ይሆናል። ዝም ማለቱን እንደ መረጋጋት አትቁጠሩት።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ያየዋል፣ ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ወዲያው ሪፖርት ይደረጋል። ከታራሚ ጋር በቀጥታ የሚሠራ ጠባቂ ከልዩ ሁኔታ በቀር የጦር መሣሪያ አይዝም፤ ውስጥ የገባ ጠመንጃ ሊነጠቅ ይችላል።

ካቴና ስናስር ምን እናስተውል?

ቁልፍ ማስገቢያው ከጣቶቹ በራቀ አቅጣጫ ይሁን። ካቴናው የሚያርፈው ከእጅ አንጓ አጥንት ከፍ ብሎ ሲሆን በብረቱና በቆዳው መካከል የጣት ጫፍ መግባት አለበት። ከዚያ ሁለተኛው መቆለፊያ ይጫናል፤ ካልተጫነ ሰውየው ሲንቀሳቀስ እየጠበቀ ሄዶ ነርቭ ይጎዳል። በአውራ ጣት ጀርባ በኩል መደንዘዝ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ካቴና ሰውን ለማምለጥ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ የታሰረን ሰው ብቻውን አይተዉም። ሴት በምጥ ላይ ሳለች፣ ስትወልድና ወዲያው ከወለደች በኋላ ማሰር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሰንሰለትና የእግር ብረትን የመሰለ ማዋረጃም እንዲሁ። በካቴና ማሰር ቅጣት ሊሆን አይችልም።

ደንብ የጣሰ ታራሚ እንዴት ይቀጣል?

ጠባቂ አይቀጣም፤ ይመዘግባል፣ ያቀርባል። ታራሚው የተከሰሰበትን አውቆ መልስ ለመስጠት ዕድል ያገኛል፣ የሚወስነውም ሥልጣን ያለው አካል ነው። የማይነኩ ገደቦች አሉ፦ ግርፋት፣ ጨለማ ክፍል፣ ምግብና ውሃ መቀነስ፣ አንዱ ባጠፋ ሁሉን መቅጣት የለም። ለብቻ ማሰር ማለት በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ እውነተኛ የሰው ግንኙነት መቆየት ነው፤ በተከታታይ ከ15 ቀን ማለፍ አይችልም። ሌላውን ታራሚ «አስተካክለው» ብሎ በታራሚ ላይ ሥልጣን መስጠትም ክልክል ነው። ጊዜያዊ ጸጥታ ያመጣ ይመስላል፤ በውጤቱ ግን ክፍሉን የሚያስተዳድረው ጉልበተኛው ይሆናል።

ራሱን ሊያጠፋ የሚችል ታራሚን እንዴት እንለያለን?

አደገኛዎቹ ጊዜያት ይታወቃሉ፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት፣ ፍርድ ከተሰማ በኋላ፣ የፍቺ ወይም የሞት ዜና ሲመጣ፣ ለብቻው ሲደረግ። ዕቃውን ማደል፣ ምግብ መተው፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከብዙ ጭንቀት በኋላ ድንገት መረጋጋት ምልክቶች ናቸው። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ሲባል ብዙ ሰው እውነቱን ይናገራል። ከተናገረ ብቻውን አይተዉም፣ ለጤና ባለሙያና ለፈረቃ ኃላፊ ያን ሰዓት ይነገራል። የክትትል ዙር በየ15 ደቂቃው ልክ እንደ ሰዓት ከሆነ ይተነበያል፤ ከዚያ ባነሰና በተዛባ ጊዜ መሆን አለበት። ሳያዩ መዝገብ ላይ ሰዓት መሙላት ስንት ሕይወት እንዳስከፈለ በሥራው ያሉ ሁሉ ያውቁታል።

ተሰቅሎ የተገኘ ሰው ካለ፦ በሬዲዮ ጥሪ፣ አካሉን ከፍ አድርጎ መደገፍ፣ ቋጠሮውን ሳይነኩ ገመዱን ከላይ መቁረጥ፣ ማውረድ። ትንፋሽ ከሌለ ደረቱ መሃል ላይ 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ መተንፈስ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይምና ሐኪም እስኪመጣ አይጠበቅም። «ሞቷል» የሚለው ውሳኔ የጠባቂ አይደለም።

ታራሚ ጠባቂን የሚያጠምደው እንዴት ነው?

በትንሽ ነገር ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ያመሰግናሉ፦ «ከሁሉ የምትሻለው አንተ ነህ»። ቀጥሎ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ደመወዙ ይጠይቃሉ። ከዚያ ደንብ የምትነካ ግን የማትጎዳ የምትመስል ነገር ትለመናለች፤ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ መልእክት፣ አንድ ስልክ። ከሰጠ በኋላ ልመናው ይቆማል፣ ማስፈራራት ይጀምራል፦ «ያንን ለኃላፊህ ብነግርስ?» ስልክና ዕፅ ያስገቡ ጠባቂዎች ብዙዎቹ በእስክሪብቶ ነው የጀመሩት።

መድኃኒቱ አጭር ነው። የቤትን ነገር ውስጥ አለማውራት፣ «አይቻልም» ሲሉ ረጅም ምክንያት አለመደርደር፣ የቀረበውን ሁሉ በዚያው ቀን መዝግቦ ማሳወቅ። አንድ ጊዜ የተሳሳተም ቢሆን ቶሎ ተናግሮ የሚመጣበትን ተግሣጽ ቢቀበል፣ ሌላው የያዘበት መያዣ ይጠፋል። ኃላፊዎችም ይህን የሚናገረውን ሰው ሊያቀሉለት ይገባል እንጂ ምሳሌ ሊያደርጉት አይገባም።

ሪፖርት ሲጻፍ ምን መያዝ አለበት?

ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት፤ ከዚያ እኔ ምን አደረግሁ። ያዩትን «አየሁ»፣ የሰሙትን «ሰማሁ» ማለት። «ሰክሮ ነበር» ከማለት «አፉ አልኮል ይሸታል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል፣ ቃል ይጎትታል» ማለት ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ፍርድ ነው፣ ሁለተኛው ማስረጃ። ስድብም ቢሆን ሳይለሰልስ ቃል በቃል ይጻፋል። እያንዳንዱ ባልደረባ ለብቻው፣ ሳይመካከር፣ ፈረቃው ሳያልቅ ይጽፋል። አራት ሰው አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከጻፈ ማንም አያምነውም። የተሳሳተ ቃል በአንድ መሥመር ይሰረዛል፣ ይፈረምበታል፤ አይፋቅም።

ሴት ታራሚዎች ባሉበት ወንድ ጠባቂ ሊመደብ ይችላል?

የሴቶች ክፍል የሚተዳደረው በሴት ኃላፊ ነው፣ የሚጠብቁትም ሴቶች ናቸው። ወንድ ሠራተኛ ያለ ሴት ባልደረባ አይገባም። ሐኪምና መምህር ግን ሥራቸውን ሊሠሩ ይችላሉ። ስለ ሴት ታራሚዎች በዝርዝር የሚናገሩት እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቁት የባንኮክ ደንቦች ናቸው።

ታራሚን ወደ ፍርድ ቤት ወይም ሆስፒታል ስናጅብ ምን ይበላሻል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ቀንና ሰዓቱ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። የሕክምና ቀጠሮን ትክክለኛ ሰዓት ለታራሚው አስቀድመው አይነግሩትም። መኪናው ከመነሣት በፊትም ከተመለሱ በኋላም ይፈተሻል፤ ሽንት ቤትም እሱ ከመግባቱ በፊት ይታያል። አጃቢዎች አንድ ላይ ሻይ ሊጠጡ አይሄዱም። ሆስፒታል ውስጥ ካቴና ሐኪሙ ለሕክምና ይፈታ ካለ ለኃላፊ ተነግሮ አማራጭ ጥበቃ ይደረጋል።

የበላይ አለቃ ሕገወጥ ነገር ቢያዝስ?

እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የፀረ ማሠቃየት ስምምነት ግልጽ ነው፤ «ታዝዤ ነው» ማለት ለማሠቃየት ምክንያት ሆኖ አይቀርብም። የታዘዘውን አለማድረግ፣ ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሆን መጠየቅ፣ ሰዓቱንና ቃሉን መዝግቦ መያዝ፣ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነው። ቀላል አይደለም፤ ግን ዩኒፎርሙ የሚጠብቀው በሕግ ውስጥ የቆመን ሰው ብቻ ነው። በዚያው አንጻር፣ ጠባቂ ራሱ ቢታገት ማዕረጉ ምንም ቢሆን የሚያዘው ትእዛዝ አይፈጸምም፤ ኃላፊው ታግቶ «በር ክፈቱ» ቢል በር አይከፈትም።

ሥራው ጠባቂውን እንዴት ይጎዳዋል?

የሌሊት ፈረቃ እንቅልፍን ይሰርቃል፣ ሁልጊዜ መንቃት ደግሞ ቤት ድረስ ይከተላል። ምግብ ቤት ገብቶ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የሚቀመጥ፣ ልጆቹን እንደ ታራሚ የሚያዝ፣ ሳይጠጣ እንቅልፍ የማይወስደው ባልደረባ ያስታውቃል። ከሌሊት ፈረቃ ማለቂያ በፊት ባሉት 6 ሰዓታት ቡና መተው፣ ክፍልን አጨልሞ መተኛት፣ ከከባድ ክስተት በኋላ ደግሞ ከባልደረቦች ጋር ተቀምጦ መነጋገር ይረዳል። ሳምንታት ካለፉ በኋላም የሚያባንን ሕልም ካልለቀቀ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል።

ታራሚ የሚፈታበት ቀን የጠባቂ ኃላፊነት ምንድን ነው?

የመፍቻ ትእዛዙ እውነተኛ መሆኑን ካወጣው አካል ማረጋገጥ፣ ሌላ የእስር ትእዛዝ እንደሌለበት ማየት፣ ከዚያ የሚወጣው ሰው ራሱ መሆኑን በፎቶ፣ በአሻራና ሲገባ በተመዘገቡ መረጃዎች መለየት። ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ባሉበት ቤት በስም ብቻ የተሳሳተ ሰው ተፈትቶ ያውቃል። ከዚያ ሲገባ የተመዘገበው ገንዘብና ንብረት በፊቱ ተቆጥሮ ይሰጠዋል፣ ይፈርማል። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ለቀናት የሚሆነውን ከሕክምና ወረቀቱ ጋር ይዞ ይውጣ። ጊዜው የደረሰ ሰው ወረቀት በመዘግየቱ ብቻ አንድ ሌሊት ቢያድር ያ ሌሊት ሕገወጥ እስር ነው፤ ስለዚህ የመፍቻ ቀኖች ዝርዝር ከሳምንት በፊት ወጥቶ የጎደለው ሰነድ ያኔ ይጠየቃል።